የለቅሶ አዳራሽ ለማየት ወደ ኮዬ ፈጬ

ከአቃቂ በሰቃ እስከ ኮዬ ፈጬ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። መኪና ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ይደረሳል። እኔ ግን ባለቤቴ ደምሴ ካረፈ ወዲህ፣ ይኸው ዓመት ከአምስት ወር፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ አልፌ አላውቅም። ስለዚህ የጉዞው ዋዜማ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ስሰናዳ ዋልኩ። ነጠላዬን አጠብኩ፤ የመነጽሬን ማሰሪያ ሰፋሁ፤ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሁለተኛው እስክሪብቶ የመጀመሪያው ቢነጥፍ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ የወጣሁ ሰው ይህን ልማድ አይተውም።

የላከኝ እድራችን ነው። ደምሴ የሞተው ነሐሴ ላይ ነበር። ለቅሶ በተቀመጥንባቸው ሦስት ቀናት ዝናቡ አላባራም። ውሃው የድንኳኑ ሸራ ላይ ያቁርና ሸራው እንደ ላም ጡት ይንጠለጠላል፤ ወንዶቹ በዱላ ከሥር ሲገፉት በአንድ በኩል ይንዶለዶልና እዚያ የተቀመጠውን ሰው ያርሰዋል። አንዲት ጎረቤቴ ከእንባዋ ይልቅ ዝናቡ ፊቷን አጥቦት ሄዳለች። ከዚያ በኋላ እድሩ ቋሚ የለቅሶ አዳራሽ ለመሥራት ወሰነ፤ ቦታም ተገኘ።

ጭቅጭቁ የመጣው በንድፉ ላይ ነው። አንደኛው ንድፍ ሁላችንም የምናውቀው የብረት ምሰሶና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ሁለተኛውን ያመጣችው ሳምራዊት ናት። ሳምራዊት እዚሁ ሰፈራችን ተወልዳ ያደገች አርክቴክት ናት፤ አራተኛ ክፍል ሳለች እኔው አስተምሬያታለሁ። የእሷ አዳራሽ ቅርጹ በኮምፒውተር ተሰልቶ የወጣ፣ ከተጨመቀ አፈር የሚሠራ፣ ጣሪያውም ሳይቀር የአፈር ጡብ የሆነ ነው። ስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ «አፈር ልንገባ መንገድ ላይ ያለን ሰዎች ገና በቁማችን አፈር ልንሸከም ነው?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ሳምራዊት ግን አልሳቀችም። ኮዬ ፈጬ ላይ እሷው የነደፈችው፣ ተሠርቶ ለቅሶም ሠርግም የተስተናገደበት አዳራሽ ስላለ ሰው ልካችሁ እዩት አለች።

እኔና የእድሩ ጸሐፊ አቶ ሙሉጌታ ተመረጥን። እኔን የመረጡኝ ሴቶቹ ናቸው፤ «በቅርብ ለቅሶ የተቀመጠች ትይልን» አሉ። እሁድ ሪፖርት እናቀርባለን፤ እድሩም በዚያ ሪፖርት ይወስናል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ አቃቂ

ጥር ነው፤ ብርዱ ይቆነጥጣል። አቶ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ታክሲ መያዣው ጋ ቀድመውኝ ቆመዋል። ከደምሴ ጋር በአንድ ፋብሪካ ሠርተው በአንድ ወር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«ሁለት ሰው! ቱሉ ዲምቱ ሁለት ሰው!» ይላል ረዳቱ። ገባን። ሁለት ሰው የተባለው ስድስት ሆነ።

«ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ።»

«ወዴት ልጠጋ? ከዚህ ወዲያ መስኮት ነው።»

«መስኮቱም የኛው ነው፣ ማዘር። ተደገፊው!»

ሃያ ሃያ ብር ከፈልን። የፋብሪካዎቹን አጥር፣ ተሰልፈው ቅዝቃዜው እስኪለቅ የሚጠብቁትን ከባድ መኪኖች፣ ጭድ እስከ ሰማይ የጫነውን አይሱዙ እያለፍን ሄድን። አቶ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣

«እኔ ኮምፒውተር አልጠላም፣ ወርቄ» አሉኝ። «ግን እስቲ አስቢው። ኮምፒውተር ለቅሶ ደርሶ ያውቃል?»

«ቆርቆሮስ ደርሶ ያውቃል?»

«ቆርቆሮ ቢያንስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«ክረምት ላይም?»

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቋን እየዋጠች ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቱሉ ዲምቱ

እዚህ ታክሲ ይቀየራል። ወረፋው ረጅም ስለነበር ሻይ ጠጣን፤ ከሻዩ ጋር ትኩስ ቦምቦሊኖ አዘዝን። አቶ ሙሉጌታ ስኳሩ ኮታቸው ላይ እንዳይራገፍ አንገታቸውን አስግገው ሲበሉ፣ ደምሴም እንዲሁ ይበላ ነበር ብዬ አሰብኩ። ትዝ ሲለኝ ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር መጣ፤ ግን እንደ ቤቱ አልቆየም። ሰው ይበዛል፤ ጡሩምባ ይጮኻል፤ እሸት ሽምብራ የያዘች ሴት «እትዬ፣ ይቅመሱት፣ ካልጣፈጠ አይግዙ» እያለች ከነቅጠሉ ትዘረጋልኛለች። ቀመስኩት፤ ጣፈጠኝ፤ አንድ እስር ገዛሁ።

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ የተሳፈርንበት ታክሲ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ጥቁሩ አፈር በፀሐይ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። በየመሃሉ ያልተነካ ማሳ አለ፤ ከማሳው ጀርባ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ መጀመሪያቸው እንጂ መጨረሻቸው አይታይም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ኮዬ ፈጬ

ሳምራዊት ከታክሲው ስንወርድ እየጠበቀችን ነበር። ጂንስ ሱሪ ለብሳለች፤ ጀርባዋ ላይ የላፕቶፕ ቦርሳ አለ። ሁለት ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝና «እትዬ ወርቅነሽ፣ እውነት መጡልኝ?» አለችኝ። እጇ ቀዝቅዟል። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ብቻችንን ብንሆን እንጠፋ ነበር። በመንገዱ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሰፈሬ ሰው ካልተቀበለኝ ሌላ ቦታ ማን በሩን ይከፍትልኛል? የመጀመሪያው ጥያቄያቸው 'ለሰፈርሽ ሰው ሠርተሻል ወይ' ነው» አለችኝ።

አዳራሹ በብሎኮቹ መሃል ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ ረጅም ቅል ይመስላል። ቀለም የለውም፤ የራሱ የአፈሩ ቅላት ነው። ዘበኛው ኦቦ ጉርሜሳ ከጥላው ተነስተው መጡ። ፀጉራቸው ነጭ፣ ቁመታቸው መለሎ ነው።

«አካም ቡልተኒ» አልኳቸው፤ የማውቃት የኦሮምኛ ሰላምታ ይህችኑ ነው።

«ነጋ! ነጋ! እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉና መሬቱን በበትራቸው መታ መታ አደረጉት። «ይኼ የኔ የሽምብራ ማሳ ነበር። አሁን ያንኑ መሬት ለሌላ ሰው እጠብቃለሁ።» ቂም ያለው ሰው አነጋገር አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ የሚነግሩኝ ነበር የሚመስሉት።

ሳምራዊት እየዞረች አሳየችን። የእርሻው ጥቁር አፈር ክረምት እያበጠ በጋ ስለሚሰነጠቅ ለጡብ አይሆንም። መንገድ ሲቆፈር ወጥቶ ሊደፋ የነበረውን ቀይ አፈር አምጥተው፣ ጥቂት ሲሚንቶ ጨምረው፣ በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ ጡብ አደረጉት። አልተቃጠለም፤ ስለዚህ እንጨት አልነደደበትም። ጣሪያው ውስጥ ብረት የለም።

«ብረት ከሌለው ምን ይዞት ነው የማይወድቀው?» አሉ አቶ ሙሉጌታ፣ አንድ እግራቸውን ደጅ እንዳስቀሩ።

«ቅርጹ ነው የያዘው፣ ጋሼ። እንቁላልን ጫፍና ጫፉን ይዘው ቢጫኑት አይሰበርም አይደል? ክብደቱ በቅርፊቱ ላይ ይንሸራተታል። እዚህም ወደ መሬት ይንሸራተታል።»

«እና ይህን ኮምፒውተሩ አወቀው?»

«እኔ ጠየቅኩት። ፀሐይዋ በዚህ ትወጣለች፣ ነፋሱ ከዚያ ይመጣል፣ ጡቡ ይህን ያህል ይችላል፣ ብረት አይግባ አልኩት። በሺ የሚቆጠር ቅርጽ ሞክሮ የማይሆነውን ጣለልኝ። ከቀሩት ውስጥ የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ገባን። ደጁ ፀሐዩ ማቃጠል ጀምሯል፤ ውስጡ ግን ደስ የሚል ቀዝቃዛ ነው። በነፋሱ በኩል ከግድግዳው ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በማዶው ደግሞ ከፍ ብለው ተከፍተዋል፤ አየሩ በእግሬ በኩል ገብቶ በራሴ በኩል ሲወጣ ይሰማኛል። ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ውሃ በአሸንዳ ወደ ጋን ይገባል፤ ኦቦ ጉርሜሳ የተከሏቸውን ችግኞች የሚያጠጡት በእሱ ነው። አዳራሹ ያምራል። ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

መደቡ ላይ

ከበሩ ትይዩ፣ በዳርቻው፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት መደብ አለ። በእኛ ድንኳንም እንዲሁ ነው፤ የሟች ቤተሰብ ፍራሽ ላይ በራስጌ በኩል ይቀመጣል፣ ወንዶቹ በሩ ጋ ይቆማሉ። «እስቲ ልቀመጥበት» አልኩና ብቻዬን ወደዚያ ሄድኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ከደምሴ ለቅሶ ወዲህ እንደዚህ ሆኜ ሰው ሊገባበት የሚችል በር ፊት ለፊት ተቀምጬ አላውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያኔ ሰማሁት። ጆሮዬ ሥር ሰው ተቀምጦ የሚያወራኝ ይመስል፣ የአቶ ሙሉጌታ ድምፅ ነበር፦

«እሷን የላክናት ሐዘኑ ቀለል እንዲላት ነው እንጂ ስለ ቤት ሥራ ምን ታውቃለች? ሪፖርቱን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ እሷ ትፈርማለች። አንቺም አትድከሚ፣ ልጄ። የቆርቆሮው ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ለምን መጡ?» አለች ሳምራዊት።

«ሥነ ሥርዓት ነዋ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። አጠገቤ ማንም የለም። ሁለቱ በሩ ጋ ናቸው፤ አቶ ሙሉጌታ ጎንበስ ብለው በባርኔጣቸው አፋቸውን ሸፍነው ለልጅቱ ያንሾካሹካሉ። በመካከላችን ያለው ርቀት ሠላሳ እርምጃ ይሆናል።

መጀመሪያ ፊቴ ጋለ። ቀጥሎ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ሳቄ መጣ። ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለጎረቤት እንደሚነገር ያህል፣

«አቶ ሙሉጌታ፣ ሪፖርቱን ጽፈው ከጨረሱ ፊርማዬንስ ለምን አብረው አልጨረሱትም?» አልኩ።

ባርኔጣው ወደቀ። «በስመ አብ ወወልድ!» ብለው ዞሩ፤ ግራ አዩ፤ ቀኝ አዩ፤ ከኋላቸው ግድግዳውን አዩ። ሳምራዊት ግን የተመለከተችው ወደ ጣሪያው ነው። ፊቷ ሲገረጣ ከሩቅ ታየኝ።

ኦቦ ጉርሜሳ ከውጭ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ኤዬ! ዛሬ ተያዘ!»

«ያውቁ ነበር እንዴ?» አለቻቸው ሳምራዊት።

«ከተሠራ ጀምሮ ነዋ! እዚህ በር ላይ አንዱ 'ሟቹ ስስታም ነበር' ብሎ ሲያንሾካሹክ የሟቹ ሚስት እዚያ መደቡ ላይ ሰምታ፣ ለቅሶዋን አቋርጣ፣ 'ልጅህን ስትድር ቤቱን ማን ለቀቀልህ?' አለችው። ሰው ሁሉ ሟቹ ነው የነገራት ብሎ ደነገጠ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ ጣሪያ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ።»

አቶ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን አንስተው እያራገፉ ወደ እኔ መጡ። ማፈራቸውን በቁጣ ሸፈኑት። «ይኸው! በቃ! ይህ ቤት ሰው ያቃቅራል። ለቅሶ ቤት ሰው ያማል፤ ይህ የታወቀ ነው። ሐዘንተኛ ሐሜቱን እየሰማ እንዴት ያለቅሳል? አለቀ!»

የሚያናድደው ነገር፣ ትክክል ነበሩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት በሩ ጋ የቆሙት ሰዎች ስለ ደምሴ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም፤ ባለማወቄም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ድንኳኑ ቢያፈስም ያን ያህል አዝኖልኛል። ሳምራዊት መሬት ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን አቅፋለች። «የጠየቅኩትን ሁሉ መለሰልኝ» አለች፤ «ይህን ግን አልጠየቅኩትም።»

አሁን ፍርዱ እኔ ላይ ወደቀ። ሁለታችን ካልተስማማን ሪፖርት የለም። እሺ ብዬ ብፈርም ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«ገና አልጨረስኩም» አልኩ።

ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አደረግኩ፤ ለሁሉም ሥራ ሰጠሁ። ኦቦ ጉርሜሳ በሩ ጋ ቆመው በኦሮምኛ የፈለጉትን ያንሾካሹኩ። አቶ ሙሉጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠው የሰሙትን ይናገሩ። እኔ በሽምብራው ቅጠል ቦታ ምልክት አደርጋለሁ። ሳምራዊት ትጽፋለች።

«አሁንስ?»

«ስለ በሬ ነው የሚያወሩት» አሉ አቶ ሙሉጌታ።

«ስለ አንተ ነው!» አሉ ኦቦ ጉርሜሳ ከበሩ።

ነገሩ ተገለጠልን። ድምፁ የሚሰበሰበው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በሩ ጋና መደቡ ላይ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ካሉ ምንም አይሰማም። መከራው፣ እነዚያ ሁለት ቦታዎች ለቅሶ ላይ ሰው ከቦታው የማይነቃነቅባቸው ናቸው።

«መደቡን ብናዛውረውስ?» አለች ሳምራዊት።

«ሐዘንተኛን ከበሩ ፊት ለፊት አታነሽውም። የሚገባውን ሰው ማየት አለበት። ማን መጣ የሚለው ነው የሚያጽናናው» አልኳት።

ላፕቶፗን ከፈተች። አዳራሹ በቀጫጭን መስመር ተስሎ ታየ። ከበሩ ላይ ቀያይ ክሮች ተነስተው፣ ጣሪያውን ነክተው፣ ሁሉም መደቡ ላይ እንደ አንድ ነጥብ ሲወድቁ በዓይኔ አየሁ። ድምፅ መልክ ኖሮት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ የጣሪያውን ውስጠኛ ጡብ አንዱን ወጣ አንዱን ገባ እያደረገች ሞከረች። ቅርጹን አልነካችውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ክሮቹ ተንቀጠቀጡ እንጂ ነጥቡ አልጠፋም። ደግማ ሞከረች። ኦቦ ጉርሜሳ ቆሎ አመጡልን፤ የኔን እሸት ሽምብራም ፈለፈልን። ሳምራዊት ጉንጯ ሙሉ ቆሎ ይዛ ስትሠራ የአራተኛ ክፍል ልጅ መሰለችኝ።

እስከዚያው ትጠይቀኝ ጀመር። ሴቶቹ በየት በኩል ይቀመጣሉ? ንፍሮው በየት ይገባል? እየጮኸ የሚመጣ ሰው ከየት ጀምሮ ይጮኻል? ቤተሰቡ በስንት ሰዓት ብቻውን ይቀራል? መለስኩላት። ስመልስ የደምሴ ለቅሶ ላይ የተቀመጥኩበት እያንዳንዱ ሰዓት ተመለሰልኝ፤ ግን አላመመኝም። የሚፈለግ ነገር ሆኖ ነው የመጣው። እሷ የምለውን ሁሉ ወደ ማሽኑ ትከታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል «እትዬ!» አለች። ጡቦቹ እንደ ሙዳይ ስፌት ወጣ ገባ ብለዋል፤ ቀያዮቹ ክሮች በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ መደቡ ላይ የወደቁት ሦስት አራት ብቻ ናቸው። አቶ ሙሉጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ቀርበው አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይህ ወረቀት ላይ ነው» አሉ።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው። «ወረቀት ላይ ነው።»

ማታ፣ ቤት

ስንመለስ አቶ ሙሉጌታ በመስኮት በኩል እንድቀመጥ ቦታ ያዙልኝ። ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩት። ሪፖርቱ ነበር። «ጽሑፍሽ ከኔ ይሻላል» አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ቤቴ ስገባ መብራት አለ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ የጥቁሩ አፈር አቧራ ሸፍኖታል። ደብተሬን ከፍቼ ቀስ ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝን አንድ ነገር እዚያው መሃል አገኘሁት፦ ሐዘንተኛ ሆኜ ያየሁት ነገር እውቀት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሸክም ይመስለኝ ነበር። ያቺ ልጅ ግን ያን ሁሉ ስሌት ይዛ፣ የጎደላት እኔ ጋ ያለው ነበር፤ ኦቦ ጉርሜሳ ዘንድም ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ሪፖርቱን እኔው አነበብኩ። ጥሩውን አልደበቅኩም፤ ጉድለቱንም አልደበቅኩም። የአፈሩ አዳራሽ ይሠራ አልኩ፤ ነገር ግን ሥራውን ከመረከባችን በፊት ሐዘንተኛ የሆነ ሰው መደቡ ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ሰው በሩ ጋ ቆሞ ያንሾካሹክ፣ ከተሰማ ሳምራዊት እስኪጠፋ ድረስ ታስተካክል አልኩ። የምቀመጠው እኔ ነኝ አልኩ። ሳምራዊት ከኋላ ተነስታ ተስማማች። እጅ ወጣ፤ የበዛው የእኛ ሆነ።

እኒያ አፈር ልንሸከም ነው ወይ ያሉት ሽማግሌ ቆሙ። «የሚያንሾካሹከው ሰው ምን ብሎ ነው የሚያንሾካሹክ?»

«ስለ ሟቹ ክፉ ነገር ይበል» አልኩ። «ደግ ደጉንማ ጮክ ብለን ነው የምንናገረው።»

ሰው ሳቀ። አቶ ሙሉጌታ ቃለ ጉባኤ የሚጽፉበትን እስክሪብቶ አስቀምጠው እጃቸውን አወጡ። «እኔ እሆናለሁ። ስለ ደምሴ ብዙ አውቃለሁ።»

«እኔም አውቃለሁ» አልኳቸው፤ ከሁሉም ይልቅ ረጅም የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።